ሁለት ዕባጮች በአንድ ዱዮዲነም፦ ነጩ ነው የሚያሳስበው ወይስ ቀዩ?

ሠልጣኙ

ሰላም ለሁላችሁ። በጨጓራና አንጀት ሕክምና ሥልጠና ላይ ነኝ። የሆድ ማቃጠል ስላስቸገራቸው ኢንዶስኮፒ የታዘዘላቸው የ58 ዓመት ሰው ዱዮዲነም (ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ውስጥ ሁለት ነገር አየን። አንደኛው በሁለተኛው ክፍል፣ ከፓፒላው (የሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ ከሚገባበት ቀዳዳ) ዝቅ ብሎ ያለ፣ ወደ 8 ሚሊሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ ከፍታ ነው። ገጹ ወተት የመሰለ ነጭ ነው። ሁለተኛው ያለው ባልብ ውስጥ፣ ማለትም ከጨጓራው መውጫ ቀጥሎ ባለው ሰፊ ክፍል ነው። 12 ሚሊሜትር ገደማ ሆኖ ቀላ ያለ ነው፤ መሐሉም በጥቂቱ ጎድጎድ ብሏል። ከሁለቱም ናሙና ተወስዶ ተመሳሳይ ውጤት መጣ፦ ዝቅተኛ ደረጃ ዲስፕሌዥያ (የሴሎች ቅጥ መዛባት) ያለው አዴኖማ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ ግን ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ዕባጭ። ቀዩ ላይ ግን ፓቶሎጂስቱ አንድ መስመር ጨምረዋል፦ «የጨጓራ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል የሙሲን ማቅለሚያዎች ቢሠሩ መልካም ነው።»

የተደናገርሁት እዚህ ላይ ነው። የሁለቱ ደረጃ አንድ ከሆነ የሙሲኑ (ሴሎቹ የሚያወጡት የልጋግ ፕሮቲን) ዓይነት ምን ይለውጣል? ሕመምተኛው ለእያንዳንዱ ማቅለሚያ ከኪሳቸው ነው የሚከፍሉት፤ ለማወቅ ያህል ብቻ ብዬ ማዘዝ አልፈልግም። በዚህ ላይ ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ።

ስላይድ አንባቢ

ዶክተር፣ እኔ ብሆን ከሪፖርቱ ሁሉ ደጋግሜ የማነበው ያንን መስመር ነው።

ከፓፒላው ውጪ የሚነሡ የዱዮዲነም ሽፋን ዕባጮች በጠባያቸው ሁለት ወገን ናቸው። አብዛኞቹ የአንጀት ዓይነት ናቸው። ሙክ 2 የተባለው ሙሲን ልጋግ አመንጪ በሆኑት ጎብሌት ሴሎቻቸው ውስጥ ይወጣል፤ ሲዲ 10 የተባለው ፕሮቲን በሴሎቹ አናት ላይ፣ ምግብ በሚመጥጠው ብሩሽ መሰል ጠርዝ፣ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል፤ ሲዲኤክስ 2 የተባለው የአንጀት ጠባይ ጠቋሚ ደግሞ ኒውክለሱን ያቀልማል። ሌሎቹ፣ በቁጥር የሚያንሱት፣ የጨጓራ ዓይነት ናቸው። የጨጓራን የላይኛ ሽፋን የሚመስለው ክፍላቸው ሙክ 5 ኤሲን ያወጣል፤ የጨጓራ መውጫ ዕጢዎችንና በዱዮዲነም ግድግዳ ውስጥ ያሉትን የብሩነር ዕጢዎችን የሚመስለው ደግሞ ሙክ 6ን። ሁለቱን ጠባይ የቀላቀሉም አሉ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ከጃፓን በወጡ ተከታታይ ጥናቶች የጨጓራ ዓይነቶቹ ከፓፒላው በላይ፣ በተለይም ባልብ አካባቢ ይበዛሉ። ከአንጀት ዓይነቶቹ ጋር ሲነጻጸሩም ከፍተኛ ደረጃ ዲስፕሌዥያ ወይም ካንሰር ሆነው፣ አንዳንዴም ወደ ንዑስ ሽፋኑ ዘልቀው የመገኘት ዕድላቸው የጎላ ነው። በጂን ደረጃም መንገዳቸው የተለየ ነው። የአንጀት ዓይነቶቹ እንደ ትልቁ አንጀት አዴኖማ በኤፒሲ ጂን ለውጥ የሚጀምሩ ሲሆን፣ በጨጓራ ዓይነቶቹ ላይ ጂ-ናስ እና ኬ-ራስ የሚባሉት ጂኖች ተለውጠው ይገኛሉ። ስለዚህ የእርስዎ ሁለት ዕባጮች በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ ቢቀመጡም ምናልባት ዘመዳማቾች አይደሉም።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ዓይናችን የሠለጠነው በትልቁ አንጀት አዴኖማ ላይ ነው፤ ረዘም ብሎ የተደራረበ፣ የጠቆረ ኒውክለስ እንፈልጋለን። የጨጓራ ዓይነቱ ግን ክብ ኒውክለሱን ከሥር አስቀምጦ፣ ሰውነቱ ገርጣ ብሎ፣ ዕጢዎቹ እጅብ ብለው ይመጣል። ገራም ይመስላል። «ዝቅተኛ ደረጃ» የሚለው ቃል እዚያ ላይ ሲጻፍ ከነጩ ጋር አንድ ዓይነት ዋስትና አይሰጥም።

በሌላ በኩል ሙክ 5 ኤሲ ቀለም ስለያዘ ብቻ ዕባጭ ነው አይባልም። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በሚበዛበት አገር፣ የእኛንም ጨምሮ፣ በአሲድ የተጎዳ ባልብ ሽፋኑን ወደ ጨጓራ ዓይነት ይለውጣል። ያ ሜታፕላዥያ ነው፤ እሱም ሙክ 5 ኤሲን ያሳያል። ቁስል አጠገብ ሲሆን ደግሞ ሴሎቹ ተቆጥተው ዲስፕሌዥያ ሊመስሉ ይችላሉ። የሚለየው የዕጢዎቹ አሠራርና የኪ-67 (የሚባዙ ሴሎችን የሚያሳይ ማቅለሚያ) አቀማመጥ ነው። በሜታፕላዥያ የሚባዙት ሴሎች በቦታቸው ተወስነው ይቀመጣሉ፤ ላይኛው ገጽ ላይ ሴሎቹ ጎልምሰው ይረጋሉ። በዕባጭ ውስጥ ግን ኪ-67 ቦታውን ለቆ እስከ ገጹ ድረስ ሊወጣ ይችላል። ፒ 53 (ከካንሰር ጋር የተያያዘ ፕሮቲን) ካስፈለገ ጠንክሮና በብዛት ሲቀልም፣ ወይም ጭራሽ ጠፍቶ ሲገኝ ነው የሚያሳስበው፤ እዚህም እዚያም ዘርዘር ብሎ ቢታይ ምንም አይደለም።

ገንዘብ አሳሳቢ ከሆነ ነጩን ይተዉት። ለቀዩ ብቻ ሙክ 5 ኤሲ፣ ሙክ 6 እና ሲዲ 10 ይዘዙ፤ ኪ-67 ከተቻለ ይጨመር።

ሰማያዊ ብርሃን

ስላይድ አንባቢ ያሉትን በሙሉ እቀበላለሁ፤ እኔ ከካሜራው ወገን ልጨምር። ጃፓን ለአጭር ሥልጠና ሄጄ ስለነበር ይህ ነገር ልቤ ውስጥ ቀርቷል።

ነጩ ቀለም ስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን የፉኩኦካው ኬንሺ ያኦና ባልደረቦቻቸው በጨጓራ ዕባጮች ገጽ ላይ፣ በአጉሊና በጠባብ ብርሃን (የደም ሥሮችን አጉልቶ በሚያሳይ የኢንዶስኮፒ ብርሃን) ሲታይ፣ የደም ሥሮችን የሚጋርድ ነጭ ነገር ገለጹ። ኋላም ነገሩ በሽፋኑ ውስጥ የተጠራቀሙ ጥቃቅን የስብ ጠብታዎች መሆኑ ታወቀ። ለፓቶሎጂ ሰዎች የሚጥመው ደግሞ ይህ ነው፦ በተለመደው የፓራፊን (ሰም) አሠራር አልኮልና ዛይሊን ስቡን አጥበው ስለሚያወጡት ስላይዱ ላይ አይታይም። ወይ ናሙናው በረዶ ሆኖ ተቆርጦ በኦይል ሬድ ኦ መቅለም አለበት፣ ወይ ደግሞ ጠብታውን የሚከበውን አዲፖፊሊን የተባለ ፕሮቲን መፈለግ ነው። አዲፖፊሊን ፓራፊኑን ተቋቁሞ ይቆያል።

በዱዮዲነም ውስጥ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ ስብ መምጠጥ የዚህ ሽፋን የዕለት ሥራው ነውና። ጤነኛው ሴል የመጠጠውን ስብ ወደ ሊምፍ ያሳልፋል። የአዴኖማው ሴል ይመጥጣል እንጂ በወጉ አያሳልፍም ተብሎ ይታመናል፤ ስለዚህ ስቡ ይጠራቀምና ገጹን ያነጣዋል። እንግዲህ ነጭነቱ የሚነግረን ሴሉ ገና የአንጀት ጠባዩን እንደያዘ ነው። የጨጓራ ዓይነቱ ዕባጭ ይህ ሥራ ስለሌለው ነጭነት አይታይበትም፤ ብዙውን ጊዜ ቀይ ሆኖ ይመጣል።

ከነጩ መካከልም ልዩነት አለ። ነጭነቱ ዕባጩን ሙሉ በሙሉ ከሸፈነ ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛ ደረጃ ነው። ነጭነቱ ከመሐል ጠፍቶ ዳር ዳሩን ብቻ ከቀረ፣ ወይም እንደ ደሴት ተቆራርጦ ከታየ፣ ለከፍተኛ ደረጃ ልጠራጠር። ቀይነት፣ መሐሉ መጎድጎድ፣ ገጹ እኩል ያልሆነ ጉብታ መያዙ፣ መጠኑም ማደጉ በዚያው አቅጣጫ ይጠቁማሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከጃፓን የወጣ አንድ የክትትል ጥናት ዝቅተኛ ደረጃ ከሆኑት ውስጥ ወደ ካንሰር የተሻገሩት 5 በመቶ እንኳ እንዳልሞሉ አሳይቷል፤ ያሳሰቡት ከፍተኛ ደረጃ የሆኑትና 20 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የደረሱት ናቸው።

ስለዚህ ዶክተር፣ የእርስዎ 8 ሚሊሜትር ነጭ የመጽሐፍ ምሳሌ ነው። ባልብ ውስጥ ያለው ቀዩ ግን በቀለሙም፣ በቦታውም፣ በቅርጹም ሦስቱንም ጥርጣሬ ይዟል።

መምሬ ያሳደጉኝ

ይቅርታ፣ እኔ የኢንዶስኮፒ ክፍል ነርስ ነኝ። ነጩ ስብ ከሆነ፣ ሕመምተኛው ሌሊቱን ሙሉ ጾሞ ሲመጣ ስቡ ከየት ይመጣል? ደግሞስ በሁዳዴ የመጣ ሰውና በፋሲካ ማግስት የመጣ ሰው ዕባጫቸው እኩል ይነጣል?

ሰማያዊ ብርሃን

እንዲህ ያለ ጥያቄ ዶክተሮች ስብሰባ ላይ ቢነሣ ደስ ባለኝ። የመጀመሪያው መልስ፦ ሽፋኑ ውስጥ የተጠራቀመው ጠብታ በአንድ ሌሊት ተጠርጎ አይወጣም፤ ስለዚህ ጾመው የመጡ ሰዎች ላይም ነጩን እናያለን። ሆኖም ምግቡ ለውጥ የለውም ማለት አይደለም። እነዚያው የፉኩኦካ ሰዎች የጨጓራ ዕባጭ ያለባቸው ሕመምተኞች ከምርመራው በፊት በነበረው ምሽት ስብ ያለው ነገር እንዲወስዱ አድርገው ነጭነቱ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ስለዚህ ነጭነት አለመኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከቀለሙ ጋር ቦታውና ቅርጹም መታየት አለበት።

ስለ ሁዳዴ ያጠና ሰው አላጋጠመኝም። ግን የጾም ወጥ ከሥጋና ከቅቤ እንጂ ከዘይት አይጾምም፤ የሽሮውን ዘይት ያየ ሰው ስብ ጠፋ አይልም!

ስላይድ አንባቢ

ነጭ ሁሉ አዴኖማ እንዳይመስላችሁ አንድ ነገር ላክል። በሁለተኛው ክፍል ላይ ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣቦች ተበታትነው ከታዩ አብዛኛውን ጊዜ የሊምፍ ሥሮች መስፋት ነው፤ እዚያ ስቡ ያለው በሽፋኑ ሴል ውስጥ ሳይሆን ከሥሩ ባለው የሊምፍ ሥር ውስጥ ነው። ጉዳት የለውም። ነጫጭ ፍሬ ፍሬ ሆነው ተሰብስበው ከታዩ ግን የዱዮዲነም ዓይነት ፎሊኩላር ሊምፎማ (የሊምፍ ሴሎች ካንሰር) ሊሆን ይችላል። ቦታው ይኸው ሁለተኛው ክፍል ነው።

ወጥመዱ ሲዲ 10 ነው። ፎሊኩላር ሊምፎማም ሲዲ 10ን ያሳያል። ሪፖርቱ ላይ «ሲዲ 10 ፖዘቲቭ» ብቻ ተጽፎ ቢመጣ አንባቢው የአንጀት ዓይነት አዴኖማ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ የት እንደቀለመ ይጠየቅ፦ በሽፋኑ ሴል አናት ላይ ነው ወይስ ከሥሩ ባሉት ሊምፎሳይቶች ላይ? ሊምፎማው ሲዲ 20 እና ቢሲኤል 2ንም ይዞ ይመጣል።

ቀስ በል

እስካሁን የተባለው ሁሉ መልካም ነው፤ ግን ማንም ያላነሣውን ላንሣ። ሁለቱም ዕባጮች ላይ ባዮፕሲ (ናሙና) ለምን ተወሰደ?

የዱዮዲነም ግድግዳ ስስ ነው። በናሙና መቆንጠጫው ስንነክሰው ንዑስ ሽፋኑ ጠባሳ ይሠራል፤ ኋላ ዕባጩን በሙሉ ለማንሣት ፈሳሽ ስንወጋበት አይነሣልንም፣ ሽቦውም ይንሸራተታል። ከዚያ የባሰው ደግሞ የባዮፕሲ ውጤት ዕባጩ ተነሥቶ ከሚገኘው ውጤት ጋር ብዙ ጊዜ አለመስማማቱ ነው። 2 ሚሊሜትር ቁራጭ 12 ሚሊሜትሩን አይወክልም፤ መሐል ያለውን ከፍተኛ ደረጃ አልፈን ዳሩን ነክሰን «ዝቅተኛ» ተባልን ማለት ሊሆን ይችላል። ጃፓኖቹ በምስሉ ተማምነው በቀጥታ ወደ ማንሣት የሚሄዱት ለዚህ ነው። አነስተኛውን በቀዝቃዛ (ኤሌክትሪክ በሌለው) ሽቦ፣ ተለቅ ያለውን ፈሳሽ ወግተው ወይም ውኃ ሞልተው።

ሐኪም ከክልል

ቀስ በል ያሉት እውነት ነው፤ ግን እውነቱ የማን እንደሆነ እንይ። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የጨጓራ ካንሰር ቅድመ ምርመራ በኢንዶስኮፒ እንዲሆን ለ50 ዓመትና ከዚያ በላይ ላሉ ሰዎች በየ2 ዓመቱ ተፈቅዷል፤ ደቡብ ኮሪያም ከ40 ዓመት ጀምሮ በየ2 ዓመቱ ትመረምራለች። ጥቃቅን የዱዮዲነም ዕባጮችን በብዛት ማየታቸው አይገርምም፤ አጉሊ መሣሪያም፣ ሠርቶ የሚያነሣ እጅም በዚያው ክፍል ውስጥ አላቸው።

እኔ የምሠራበት ቦታ አጉሊ የለም፣ ጠባብ ብርሃን የለም፣ ዕባጩን የሚያነሣው ባለሙያ ደግሞ ሌላ ከተማ ነው ያለው። ሕመምተኛው ያንን መንገድ እንዲሄድ ለማሳመን ወረቀት ያስፈልገኛል። «በምስሉ አልወደድሁትም» ብዬ ብልከው በሬውን ሸጦ የሚሄድ ሰው የለም፤ ተቀባዩ ሐኪምም ቀጠሮውን አያፋጥንም። ለእኔ ባዮፕሲው የሕክምና ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ቀስ በል

ወንድሜ፣ ይህንን ልክድ አልችልም። እንግዲያው መሐል መንገድ ይኑር። ሊነሣ የሚችል ትንሽ ዕባጭ፣ ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ፣ ጭራሽ አይነካ፤ ጥሩ ፎቶ ተነሥቶ ይላክ። የሚያጠራጥረው ቀዩ ላይ አንድ ቁራጭ ብቻ፣ ከሚያስከፋው ቦታ፣ ይወሰድ። በየዳሩ እየዞሩ አራት አምስት ጊዜ መንከሱን ነው የምቃወመው። ፓፒላውን የነካ ከመሰለ ደግሞ ባዮፕሲው ቆሽትን ሊያስቆጣ ስለሚችል መጀመሪያ በጎን በሚያይ መሣሪያ ይታይ።

ማንሣቱም ቀልድ አይደለም። ከተነሣ በኋላ ቁስሉ ላይ ሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ ስለሚፈስበት፣ በዕለቱ ደኅና የነበረ ግድግዳ ኋላ ሊበሳ ይችላል። ንዑስ ሽፋኑን እየሰነጠቁ በአንድ ቁራጭ ማንሣት በጨጓራ የለመደው ሰው እንኳ ዱዮዲነም ላይ የሚፈራው ሥራ ነው። ቁስሉን በክሊፕ መዝጋት የማይችል ክፍል ባይጀምረው ይሻላል።

ትዕግሥት ከቨርጂኒያ

ሐኪም አይደለሁም፤ በትዕግሥት አንብቤያችኋለሁ። እናቴ እዚህ ተመርምራ «ዱዮዲነም ውስጥ አዴኖማ» ተብላለች። 6 ሚሊሜትር ነው፣ ነጭ ነው ይላል ወረቀቱ። ካንሰር ነው ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ምን ልጠይቅላት?

ስላይድ አንባቢ

እህቴ፣ አዴኖማ ካንሰር አይደለም፤ ይህንን ለእናትሽ ንገሪያት። ቢሆንም ዝም ተብሎ የሚተውም አይደለም። ሐኪሟን የምትጠይቂው፦ ዕባጩ ከፓፒላው ምን ያህል ይርቃል? ይነሣል ወይስ ይከታተሉታል? የሚያነሣው ሰው ዱዮዲነም ላይ ሠርቶ ያውቃል? ደግሞም ኮሎኖስኮፒ አድርጋ ታውቅ እንደሆነ ይጠየቅ። የአውሮፓ የኢንዶስኮፒ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ የዱዮዲነም አዴኖማ የተገኘበት ሰው ትልቁ አንጀቱ ታይቶ የማያውቅ ከሆነ እንዲታይ ይመክራል።

ዶክተር ሠልጣኙ፣ ይህ ለእርስዎም ሕመምተኛ ይሠራል፤ በተለይ ሁለት ዕባጭ ስላለ። ትልቁ አንጀት በፖሊፕ ተሞልቶ ቢገኝ ነገሩ የቤተሰብ ፖሊፖሲስ (በዘር የሚተላለፍ፣ ፖሊፕ የሚያበዛ በሽታ) ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የስፒገልማን ደረጃ ነው የሚሠራበት፦ ቁጥር፣ መጠን፣ የሕብረ ሕዋሱ ዓይነትና የዲስፕሌዥያው ደረጃ ተደምረው እስከ 12 ነጥብ ይሰጣሉ። 9 እና ከዚያ በላይ አራተኛው ደረጃ ነው። በእንግሊዝ አገር በተደረገ የ10 ዓመት ክትትል አራተኛው ደረጃ ላይ ከነበሩት ከሦስቱ አንዱ ያህል ካንሰር ይዟቸዋል። ያ ደረጃ ግን የተሠራው ለእነዚያ ቤተሰቦች ነው፤ ለአንድ ብቸኛ ዕባጭ ነጥብ እየደመሩ የሚጽፉ ሪፖርቶች አይቻለሁ፣ አይረቡም።

ሠልጣኙ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኮሎኖስኮፒው ታዝዟል። ነጩን አንነካውም፤ ቀዩን የሚያነሣልን ክፍል ፎቶዎቹን አይቶ ተቀብሎናል። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ የባልቡ ናሙና ብሎክ (ናሙናው የተቀበረበት የፓራፊን ቁራጭ) በጣም ትንሽ ነው፤ ማቅለሚያዎቹን አሁን ልዘዝ ወይስ ዕባጩ በሙሉ እስኪነሣ ልጠብቅ?

ስላይድ አንባቢ

የሚነሣ ከሆነ ይጠብቁ፤ ማቅለሚያው በሙሉው ዕባጭ ላይ ሲሠራ ነው ትርጉም የሚኖረው፣ ሕመምተኛውም ሁለት ጊዜ አይከፍሉም። ማንሣቱ ከዘገየ ወይም ከቀረ ግን ላቦራቶሪውን አንድ ነገር ይለምኑ፦ ብሎኩን ሲቆርጡ ለሁሉም ማቅለሚያ የሚሆኑትን ያልቀለሙ ስላይዶች በአንድ ጊዜ ይቁረጡ። ዛሬ ለሙክ 5 ኤሲ፣ ነገ ለሙክ 6 እየተባለ ብሎኩ በማሽኑ ላይ በተሰቀለ ቁጥር ለማስተካከል ብቻ ብዙ ስለሚላጥ ትንሽ ናሙና በዚያው ያልቃል።

የተነሣው ሲመጣ ደግሞ ዳርና ዳሩ በቡሽ ወይም በፎም ላይ በመርፌ ተወጥሮ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፤ ተጠቅልሎ ከመጣ ጥልቀቱንም ዳሩንም ማንበብ አንችልም። ስላይዱ ላይ በዳር የቀረ የብሩነር ዕጢ ካለ ለሙክ 6 ማረጋገጫችን እሱ ነው፤ እሱ ካልቀለመ የዕባጩን «ኔጋቲቭ» አልቀበልም። ለሲዲ 10 ጤነኛው ብሩሽ ጠርዝ፣ ለሙክ 2 ጎብሌት ሴሎቹ እንዲሁ ይታያሉ። ይህንን የሚጠይቅ ማስታወሻ ከናሙናው ጋር ቢልኩ ፓቶሎጂስቱ አይቀየሙም።